ጠላት አይደለም፣ ጣሏት ነው

በየማለዳው ሱቋን ከመክፈቷ በፊት የነጠላዋን ጫፍ በምላሷ ታረጥባለች። ከዚያ በእግሯ ጣቶች ቆማ ከበሩ በላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ሁለት ቦታ ትወለውላለች። ሁለት ቦታ ብቻ። መጀመሪያ የ«ጣ»ን ረጅም እግር፣ ቀጥሎ ከ«ሏ» ሥር የተጋደመችውን አጭር መስመር። ሌላው ፊደል አቧራ ቢለብስ ግድ የላትም።

ሰሌዳው በስሟ «ጣሏት ልብስ ስፌት» ይላል። ሱቁ ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ፀዳ ውስጥ፣ አዲስ ቤት እንደ እንጉዳይ በሚፈላበት ሰፈር፣ መንገድ ዳር የቆመ የቆርቆሮ ክፍል ነው። አሸዋና ድንጋይ የጫኑ ሲኖትራኮች የሚያስነሱት አቧራ ቀኑን ሙሉ ሰሌዳው ላይ ይቀመጣል። አቧራው የ«ጣ»ን እግር ከሸፈነው «ጠ» ሆኖ ይነበባል። የ«ሏ»ን መስመር ከሸፈነው «ላ» ይሆናል። ሁለቱም ከተሸፈኑ ሰሌዳው «ጠላት ልብስ ስፌት» ማለት ይጀምራል።

«በዚህ ዘመን» ትላለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ጠላት የሚል ሰሌዳ ሰቅዬ ማን ልብሱን ያምነኛል?»

የምከራያት ክፍል ከሱቋ ጀርባ ናት። እኔ ሰው ፊት ብዙ አላወራም። እሷ ደግሞ የስፌት ማኪናዋን እየረገጠች ማውራት ትወዳለች። ስለዚህ ተስማማን። እኔ የተፈታ ጫፍ እጠልፍላታለሁ፣ እሷ ትነግረኛለች።

በስሟ የሚቀልዱ ሰዎች ከደንበኞቿ አይተናነሱም። ባጃጅ ነጂዎቹ መስኮታቸውን ገልጠው፣ «እትዬ፣ ማንን ነው የምንጥለው?» ይሏታል።

«አንተ መጀመሪያ ያን ሲጋራ ጣል» ትላለች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል።

አንድ ጊዜ የመታወቂያ ጸሐፊው ስሟን ሲጽፍ «ጠላት ስማቸው» ብሎት ነበር። አባቷ ስማቸው ይባላሉ። ይህን ሳታስተውል መታወቂያውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ማክሰኝት ስትሄድ አውቶቡሱ ተፈተሸ። ፈታሹ ጎረምሳ መታወቂያውን አገላብጦ አየና፣ «ጠላት?» አለ።

«እንዴት?»

«ጠላት ይላል። ስምሽ ነው?»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያት። እሷ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «የኔ ልጅ፣ ጠላት ብሆን ስሜን አጽፌ ደረቴ ላይ ይዤ እዞራለሁ?» አለችው። ፈታሹ ሳቁ አመለጠው። አውቶቡሱም አለፈ። በማግስቱ ጸሐፊው ፊት ቆማ መስመሯን እስኪጨምርላት ድረስ ንቅንቅ አላለችም።

«እንግዲህ ስምሽን ለውጪዋ» ብሏት ነበር እሱ። «ሸጋ ሸጋ ስም ሞልቷል። ‹ጣሏት› ምን ስም ነው? ሰው ልጁን ጣሏት ይላል?»

እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚሳሳተው። «ትእዛዝ ይመስላቸዋል» አለችኝ። «ትእዛዝ አይደለም፣ ወሬ ነው።»

ቃሉን ደጋግሜ በልቤ አልኩት። እውነቷን ነው። ጣሏት ማለት እናንተ ሰዎች ወዲያ ወርውሯት ማለት ይሆናል፤ ደግሞም እነዚያ ሰዎች ወርውረዋት ሄዱ ማለት ይሆናል። አንድ ፊደል አይለወጥም። የሚለየው የተናገረው ሰው ማን እንደሆነና ማንን ሊያሰማ እንደፈለገ ነው።

የተናገረችው ሴት ሐዲጃ ትባላለች።

ነገሩ የሆነው ኮላ ድባ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ከደምቢያ ሜዳ ንዳድ ይነሳል፤ ዛሬ ወባ የምንለው። የጣሏት እናት ሸዋአየሁ ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱንም ቀብራለች። ስማቸው ያማረ ነበር። ብርቅነሽ፣ አለኝታ፣ ደስይበለው። ባልቴቶቹ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ምነው አንቺ፣ ሞት እኮ ሸጋ ስም ይወዳል። ሲጠራ ሰምቶ ነው የሚመጣ» አሏት። አራተኛዋ ስትወለድ ሸዋአየሁ እልልታ ከለከለች። ገና ጎህ ሲቀድ ሕፃኗን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልላ ከቤቷ ጀርባ ባለው አመድ መድፊያ ላይ አስቀመጠቻትና ሳትዞር ገባች።

ሐዲጃ ገበያ ላይ ጨውና አቡጀዲ የምትሸጥ ጎረቤት ናት። ነገሩን ቀድመው መክረውበታል። በአጋጣሚ እንደምታልፍ ሰው በዚያ በኩል መጣች። አመዱ ጋ ስትደርስ እንስራዋን አስቀምጣ መንደሩ እስኪነቃ ጮኸች።

«ኧረ ጣሏት! ኧረ ሰዎች፣ ልጅቱን ጣሏት! የማንም አይደለችም፣ ጣሏት!»

ጩኸቱ ለመንደሩ አልነበረም። መንደሩማ ያውቃል። ሐዲጃ የጮኸችው ለሞት ነው። ይህቺ ልጅ የሚወዳት የላትም፣ እዚህ የምትወስደው የለህም፣ እለፍ ለማለት ነው። ከዚያ ሕፃኗን አቅፋ ቤቷ ወሰደቻት። ሸዋአየሁ ደግሞ ከቀናት በኋላ እንደ ባዕድ ሐዲጃ ደጃፍ ቆማ፣ «ያገኘሻትን ልጅ ላሳድግልሽ» ብላ ለመነች። ልጇን የተቀበለችው እንደ አሳዳጊ ነው። ካህኑ ክርስትና ሲያነሷት ሌላ ስም ሰጧት፤ እሱ ለቤተ ክርስቲያን ነው። ለመንደሩ ግን የሐዲጃ ጩኸት ስሟ ሆኖ ቀረ።

የሐዲጃ ልጅ ጃቢር ያን ጠዋት ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ቆሞ ነበር። ዛሬ ጢሙ ነጭ ነው፤ ጎንደር ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለው፤ ክርና አዝራር ሊያመጣላት ፀዳ ድረስ ይመጣል። ይህን ነገር ሲያወራ መሳቁን አይተውም።

«እናቴ ‹ጣሏት› ብላ ስትጮህ ይቺ አመዱ አፍንጫዋ ገብቶ አስነጠሰች! እንደ ትልቅ ሰው! ሞት ሰማ ብዬ ስንት ጊዜ በድንጋጤ ተሸፋፍኜ ተኛሁ።»

«ሰምቶ ነበር» ትላለች ጣሏት። «ግን ደንቆሮ ነኝ ብሎ አለፈ። ሐዲጃን ፈርቶ።»

ልጅነቷ ሲያልቅ ወደ ጎንደር መጣች። ጃቢር ሱቁ በረንዳ ላይ የእግር ማኪና አስቀምጦላት ነበር። እዚያ ተቀምጣ ስፌት ተማረች። ሰውአገኝ የሚባል የእህል ማኪና ሹፌርም እዚያ ነው ያገኛት። የተቀደደ ሸራ ሊያሰፋ መጥቶ ቆየ። ሸራው ተሰፍቶ ካለቀ በኋላም መምጣቱን አላቆመም። ሽማግሌ እልካለሁ አለ። ስታረግዝ ግን ማክሰኝት ላይ ቤተሰቡ ያጨለትን ልጅ አገባ። ሽማግሌ የመጣው በሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ፊታቸው ቆሞ፣ «ልጁ የእኔ አይደለም» ብሎ ማለ። እሷ ፍርድ ቤት አልሄደችም። ልጅቱን ወለደች፤ መዝሙር አለቻት። ይህን ስም ያወጣችው ጮክ ብላ ነው። በአደባባይ፣ ሸጋ ስም፣ ሞት እንዲሰማ።

«አልፈራሽም?» አልኳት።

«ፈራሁ። ግን እናቴ አንድ ጊዜ ተደብቃልኛለች። ሁለታችንም ተደብቀን ልንኖር ነው?»

መዝሙር አንደኛ ክፍል ልትመዘገብ ስትሄድ የሆነውን እስከ ዛሬ ሁለቱም እየተቀባበሉ ያወራሉ። መዝጋቢዋ አስተማሪ የልጅቱን ስም ጽፋ ቀና አለች።

«የአባት ስም?»

«ጣሏት» አለች እናት።

አስተማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ፊቷ አዘነ። «አይዞሽ እህቴ። ትቷችሁ ሄደ?»

«ማን?»

«አባትየው ነዋ። ጣሏት አላልሽም?»

«አዎ፣ ጣሏት።»

«እኮ ማን ጣላት?»

«ማንም አልጣላት! ጣሏት ነው ስሟ።»

«የልጅቱ ስም መዝሙር አላልሽም እንዴ?»

«መዝሙር ነው። ጣሏት እኔ ነኝ።»

አስተማሪዋ ግራ ገብቷት፣ «እሺ፣ የአያት ስም?» አለች።

«ስማቸው።»

«የማን ስም?»

ከኋላ የተሰለፉት ወላጆች ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። በመጨረሻ አስተማሪዋ፣ «እናቴ፣ በእናት ስም አይጻፍም እኮ» አለች። ጣሏትም መልስ ነበራት። «ስሜ ወንድ ነው ብለሽ ጻፊዋ። ማን ይጠይቅሻል?» ልጅቱ መዝሙር ጣሏት ስማቸው ተብላ ገባች።

ለእናትየው ድል የሆነው ለልጅቱ ጣጣ ሆነባት። ስሟ ሲጠራ ልጆቹ «መዝሙር ጣላት» ብለው ይሰሙታል። «ከስንተኛው ስንኝ ላይ ነው የወደቅሽ?» ይሏታል። አድጋ አዋላጅ ነርስነት ልትማር ኮሌጅ ስትገባም ቀልዱ ተከትሏት ገባ። መዝሙር እንደ እናቷ አትመልስም። አንገቷን ትደፋለች።

ልትመረቅ ጥቂት ሲቀራት ሰውአገኝ መጣ።

እኔ ከሱቁ ጥግ የቀሚስ ጫፍ እየጠለፍኩ ነበር። ጃቢርም የክር ሳጥን አምጥቶ ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ አረፍ ብሏል። ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆሙ። አንደኛው ነጭ ጋቢ የደረበ፣ ሙሉ ፊት፣ የተከበረ የሚመስል ሰው ነው። ሁለተኛው ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ጣሏት ማኪናዋን አላቆመችም።

«እንዴት ከረምሽ?» አለ ባለ ጋቢው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሸራ ተቀደደ?»

ያኔ ማን እንደሆነ ገባኝ። ጃቢር ጢሙን ይዞ ወደ ጣራው ማየት ጀመረ።

ሽማግሌው፣ አያ ዕንባቆም፣ ጉሮሯቸውን አጸዱ። «ልጄ፣ የመጣነው ለደግ ነው። የሰውአገኝ የነፍስ አባት ‹የካድከውን ልጅ ልጄ በል› ብለውታል። ልጅቱም ልትመረቅ ነው አሉ። ዲግሪው ላይ ሳይጻፍ በፊት በአባቷ ስም ትጠራ።»

«በአባቷ ስም?» አለች ጣሏት። «አባቷ ማን ነው?»

«ምነው ጣሏት…»

«እርስዎን ነው የምጠይቅ፣ አያ ዕንባቆም። ያን ጊዜም ሲምል አጠገቡ የቆሙት እርስዎ ነበሩ። ምን ብሎ ማለ?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አዩ። ሰውአገኝ ግን ትዕግሥቱ አለቀ። «አንቺ ነገር አታብዢ! ስሟ በተጠራ ቁጥር እኮ የምከሰሰው እኔ ነኝ! ማክሰኝት ላይ ‹መዝሙር ጣሏት› ሲባል ሰው ዘወር ብሎ እኔን ያያል። ‹እነማን ጣሏት› ይላል። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እንኳ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል።»

ጣሏት ማኪናዋን አቆመች። መጀመሪያ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እየሳቀች ነው። ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች ሳቀች።

«አይ አያ ሰውአገኝ! ስሜ የወጣው እኮ አንተን ሳላውቅህ ነው። ከሞት ጋር የተጣላንበት ስም ነው። አንተ መሃል ምን ጥልቅ አደረገህ?»

«ይኸው ትስቂብኛለሽ!»

«አልሳቅኩብህም። ስሜ ለካ ይህን ያህል ጉልበት አለው ብዬ ነው። ለሞት የተሠራ ወጥመድ አንተን ያዘህ።»

ጃቢር ይህን ጊዜ አልቻለም። «ሰውአገኝ፣ ወንድሜ፣ ዝናብም ጣለ ይባላል። ዶሮም ጣለች ይባላል። ድንኳንም ይጣላል፣ መሠረትም ይጣላል። ዶሮዋ ጣለች ሲሉህ ነው ገበያ መሃል የምትደነግጥ?»

አያ ዕንባቆም ሊስቁ ሲሉ በሳል ሸፈኑት።

ጣሏት የምትሰፋውን ነጭ ቀሚስ ከማኪናው ላይ አንስታ ዘረጋችው። የመዝሙር የምረቃ ቀሚስ ነው። ከጫፉ ጥቁር አረንጓዴና ወርቃማ የሆነ ሰፊ ጥለት አለው። «ይህን ምን ይሉታል? ጥለት። ሸማኔው ምን አደረገ ይላሉ? ጥለት ጣለ። የቀሚሱ ጌጥ የተጣለው ነው። እሱን ቆርጠህ ብታነሳው እጅህ ላይ የሚቀር አቡጀዲ ነው። ልጄን አቡጀዲ አላለብሳትም።»

ሰውአገኝ ጋቢውን አስተካከለ። «ልጅቱ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች። እኔ እሷን እጠይቃታለሁ።»

«ጠይቃት» አለች። «በሩ ያውልህ።»

ጠየቃት። የእሱን ስም ስትይዝ ምን እንደሚያደርግላት ነገራት፤ ይቅርታም ለመናት። አልቅሶም ነበር ይባላል። መዝሙር ወደ ቤት ስትመለስ ፊቷ ደክሞ ነበር።

«እማ» አለች፣ «እሱን ወድጄው አይደለም። ግን አንድ ነገር አስቢልኝ። ነገ ምጥ የያዛት ሴት ‹እኅቴ፣ ማን ትባያለሽ?› ብትለኝ ምን ልበላት? መዝሙር ጣሏት? ልጄን ትጥይብኛለሽ ብላ ከአልጋው ወርዳ ትሮጣለች እኮ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ቀልድ ነበር። ያን ቀን አልሳቅንም። ጣሏት የቀሚሱን ጥለት ዳበሰችና፣ «እኔ አልለምንሽም» አለች። «ስም በልመና አይያዝም። ኮሌጁ እርማት ያላችሁ እስከ ዓርብ አስገቡ ብሏል አይደል? የፈለግሽውን አስገቢ። እኔም አልጠይቅሽም።»

አልጠየቀቻትም። መዝሙር ያን ሳምንት ለልምምድ ጭልጋ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወጣች፤ ተመለሰች፤ ዓርብ ኮሌጅ ሄዳ መጣች፤ የትኛውን ስም እንዳስገባች አልነገረችንም። ጃቢር፣ «ኧረ ጠይቂያት፣ ልብሽ ከሚፈነዳ» አላት። «ይፈንዳ» አለችው። ግን ሰሌዳውን የምትወለውልበት ክንድ ከረረ። ጠዋት ጠዋት የምራቋና የነጠላዋ ፍትጊያ እስከ እኔ ክፍል ይሰማ ነበር። ከ«ሏ» ሥር ያለችው መስመር ቀለሟ መላጥ ጀመረ። እኔ ፈራሁ። በአቧራ ያልጠፋችው መስመር በእሷው ጉልበት ልትጠፋ ነው።

የምረቃው ዕለት አዳራሹ በወላጅ ተሞልቶ ነበር። ጣሏት መሃል ላይ ተቀመጠች፣ እኔ በቀኟ፣ ጃቢር በግራዋ። ሰውአገኝ ከፊት ወንበር ላይ ነው፤ ትልቅ የአበባ እቅፍ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። ጥሪው በፊደል ተራ ነው። በየትኛውም ስም ቢሆን መዝሙር በ«መ» ትጠራለች፤ ስለዚህ ከተራው ምንም ማወቅ አይቻልም።

ጠሪው ክራባቱ የጠበቀው ወጣት መምህር ነው። «መዝሙር…» አለ፤ ቆመ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ የጣሏት ጣቶች ጉልበቴን ጨበጡት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ሰውአገኝ» ቢሆን ኖሮ ጠሪው አይቆምም ነበር። ይህ የታወቀ፣ ለምላስ የሚቀል ስም ነው። የቆመው ለምን እንደሆነ እሷ ከእኔ ቀድማ ገባት።

«መዝሙር ጠላት ስማቸው» አለ በድምፅ ማጉያው።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከኋላችን አንዱ፣ «ጠላት ስማቸው ብሎ ነገር! የጠላትን ስም ንገሩን እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ጣሏት መቼ እንደተነሳች አላየሁም። ወንበሯ ላይ ወጥታ ቆማለች።

«ጠላት አይደለም!» አለች። «ጣሏት ነው! ጣ! ሏ! ት! ጣሏት!»

ጃቢርም ተነሳ። አፉን በሁለት እጁ ከበበና፣ «ኧረ ጣሏት! ኧረ ሰዎች፣ ልጅቱን ጣሏት!» ብሎ ለቀቀው። በሕይወቴ አንድም ቀን ያላየኋት ሐዲጃ ያን ጊዜ የጮኸች መሰለኝ። ከዚያ በሳቅና በእንባ መሃል ራሱ ጃቢር አስነጠሰ።

መዝሙር መድረኩ ደረጃ ላይ ነበረች። ሁሌም እንደማውቃት አንገቷን የምትደፋ መስሎኝ ነበር። አልደፋችም። ዲግሪዋን የያዙት ሰውዬ እጃቸውን ዘርግተው ሲጠብቋት አልሄደችም። ዞራ ጠሪውን አየችው።

«ይስተካከልልኝ» አለች።

«ይለፍ፣ እኅቴ፣ ሰልፉ…»

«ስሜን ሳትጠራው የት እሄዳለሁ?»

መምህሩ ክራባቱን ላላ አደረገ። ወረቀቱን ደግሞ አየ። «ይቅርታ እንጠይቃለን» አለ። «መዝሙር ጣሏት ስማቸው።»

ያኔ ሄደች። ጥለቱ ከጥቁሩ ካባ በታች ይታይ ነበር። እልልታውን ጣሏት ጀመረችው፣ የማናውቃቸው ሴቶች ተቀበሏት። ሰውአገኝ አቀርቅሮ ያጨበጭብ ነበር። መጨረሻ ላይ ማጨብጨብ ያቆሙት እጆች የእሱ ነበሩ። ከዚያ አበባውን ወንበሩ ላይ ትቶ ወጣ።

ደጅ ላይ ጣሏት ልጇን አንገቷን ይዛ፣ «ምጥ የያዛት ሴትስ?» አለቻት። እስከዚያ ድረስ ሌላ ነገር አልጠየቀቻትም ነበር።

«ጭልጋ አንዷ ጠየቀችኝ» አለች መዝሙር። «ሁለት ቀብራለች። ስሜን ነገርኳት፣ ከዚያ አንቺን፣ ሐዲጃን፣ አመዱን ነገርኳት። ምጧን ትታ ነው የሰማችኝ። ሴት ልጅ ስገላግላት እጄን ያዘችና ‹ምነው ለእኔም በጮኽሽልኝ› አለችኝ።»

«እና?»

«ጓሮ ወጥቼ ጮኽኩላታ። ዘበኛው ሮጦ መጥቶ ‹ምን ጠፋሽ?› አለኝ።»

ይህን ለመጻፍ ጣሏትን ሳስፈቅዳት ማኪናዋን እየረገጠች ነበር። ሰሌዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ እሷ ግን አሁንም ሁለቱን ቦታ ትወለውላለች።

«ጻፊ» አለች። «መታወቂያውንም፣ ሸራውንም፣ ሁሉንም።»

«የሰውአገኝን ስም ልለውጠው?»

«ለምን? ስም የለውም እንዴ? እኔ በስሜ ቆሜ ኖርኩ፣ እሱም በስሙ ይቁም። ጻፊው።»

ከዚያ እግሯን ከማኪናው አነሳች። ወደ እኔ ጎንበስ ብላ ለማንም ያልነገረችውን ነገር ነገረችኝ። ሸዋአየሁ ሕፃኗን ስታጠባ፣ ቤቱ ውስጥ ማንም በሌለበት፣ ጆሮዋ ላይ አፏን ገጥማ የክርስትናዋም ባልሆነ በሌላ ስም ትጠራት ነበር። በሹክሹክታ ብቻ። ድምፅ አውጥታ አንድ ጊዜ ጠራቻት፤ ራሷ ልትሞት ስትል፣ ከእንግዲህ የሚሰማው ሞት የመጣው ለእኔ ነው ብላ።

ጣሏት ያን ስም ጆሮዬ ውስጥ ነገረችኝ።

«ይቺን ግን አትጻፊ» አለች።

«አሁንማ እኮ ትልቅ ሰው ነሽ፣ እትዬ። ልጅሽም ተመርቃለች።»

«ሞት ማንበብ አያውቅም ያለሽ ማነው? ይፈልገኝ። ፀዳን ሁሉ፣ ጎንደርን ሁሉ ደጅ በደጅ እየጠየቀ ይድከም። በሬ ላይ ሲደርስ የሚያነበው ያውልሽ» ብላ በአገጯ ወደ ሰሌዳው አመለከተች፤ ማኪናዋንም መርገጥ ጀመረች።

ሸጋ ስም ነው። እዚህ ውስጥ የለም።